የበሶብላው ውሃ

ጁን 24

ድክም ብሎኛል። ሦስቱንም ክፍል አጸዳሁ፣ አንሶላ አጠብኩ፣ ደረጃውን ጠረግኩ። መጥረጊያውን ገና ከእጄ ሳላስቀምጥ በቅሎዎቹ ቱሪስት ጭነው አለፉና ደረጃው እንደነበረው ሆነ። ባሌ ያኩሚስ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ እንደተነጫነጨ ነበር። "ዓለም ሁሉ የሚያርፈው እኛ ጀርባ ላይ ነው" ይለኝ ነበር።

የውስጠኛው ክፍል ጣራ ላይ፣ ከአልጋው በላይ፣ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል እርጥበት አየሁ። ጃኑዋሪ ላይ ብዙ ዘንቦ ነበር፤ እሱ ይሆናል። ኖራ በጥብጬ ሁለት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። አሁን አይታይም።

ጁን 25

ኖራው ደርቋል። ምንም የለም። ክፍሎቹን የተከራዩ እንግዶች ገብተዋል።

ጁላይ 2

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ። ከላይ ቤት ያሉት እንግዶች ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ አምሽተው አሁን ገና ዝም አሉ።

ቤቶቻችን ገደሉ ውስጥ የተፈለፈሉ ስለሆኑ የአንዱ ጣራ የሌላው ግቢ ነው። እናታችን ስታካፍለን የላይኛውን ለታላቄ ለካሊትሳ፣ የታችኛውን ለእኔ ሰጠች። በእኛ አገር ቤት የሴት ልጅ ነው። ልጅቷ ስታገባ እናት ቁልፉን አስረክባ ትወጣለች። ካሊትሳም ልጇ አርጊሮ ስታገባ ወጥታ፣ ከድሮው የዳቦ ምድጃ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዘች። "ፀሐይ አላት" አለችኝ ያኔ። ፀሐይ የላትም።

አርጊሮ የእናቷን ቤት ለእንግዳ ማከራየት ጀመረች። ለፋሲካ ደግሞ ግቢው ላይ መዋኛ ገንዳ አስቆፈረች። መዋኛ ይበሉት እንጂ ሁለት ሰው ሲገባበት ውሃው ቦታ አጥቶ ይወጣል። ፎቶ ላይ ግን ያምራል አሉ። ግቢው የኔ ጣራ ነው። እነሱም አልጠየቁኝም፣ እኔም ምንም አላልኩም።

ዛሬ እታለም ካሊትሳ ክክ ሠርታ አመጣችልኝ።

"ግቢ እንጂ፣ እዚህ ፀሐዩ ያቃጥልሻል" አልኳት።

"እዚሁ ይሻለኛል" ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። "ክፍሎቹ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ምን ይሆናሉ ብለሽ ነው?"

"እንዲያው ነው። ብይ፣ ከስተሻል። እንግዳ ታበያለሽ እንጂ አንቺ መቼ ትበያለሽ።"

ከፋሲካ ወዲህ ከበሬ አልፋ አታውቅም። ጉልበቷን ስለሚያማት ይሆናል።

እናታችን ከተቀበረች በኋላ በዝናብ ውሃ ጉድጓዱ ተጣላን። ማን ይቅዳ፣ ማን ይክደን በሚል ነገር ዓመታት ሙሉ "እንዴት አደርሽ" ሳንባባል ኖርን። በአንድ ደረጃ እየተላለፍን ማለቴ ነው። ያኩሚስ የሞተ ዕለት ትራሷን በብብቷ ይዛ ወረደች፤ አርባው እስኪወጣ ከጎኔ ተኛች። ስለ ድሮው አንድ ቃል አላነሳንም። ልጅ የለኝም፣ ባል የለኝም፣ እሷ ነች ያለችኝ። ሁለተኛ አላጣትም። በውሃማ በጭራሽ።

ጁላይ 8

ሆላንዶቹ ጥንዶች ውስጠኛውን ክፍል ወደዱት። "ውጪው እሳት ነው፣ እዚህ ግን እንዴት ይቀዘቅዛል!" ይላሉ። ልጅቷ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች አመሰገነችኝ። እኔም "የድሮ ቤት እንዲህ ነው" አልኩ።

ጁላይ 9

ጎህ ሲቀድ ከላይ የጎማ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። እታለም በሶብላዎቿን እያጠጣች ነው። ድሮም እስኪነጋ የምትተኛ ሰው አይደለችም።

ጁላይ 12

ዛሬም አጠጣች። ብዙ ቆየች። ስንት ማሰሮ በሶብላ ነው ያላት?

ጁላይ 15

የጣራው እርጥበት የምግብ ሳህን ያህል ሆኗል። ጠርዙ ቢጫ ነው። ሆላንዶቹ ሲሄዱና ቀጣዮቹ ሲመጡ መሃል ላይ በነበረው ጊዜ ወንበር ላይ ቆሜ ቀባሁ። ኖራው ዓይኔ ውስጥ ገባ። አዲሶቹ "ሽታው ምንድን ነው?" ሲሉኝ "ንጽሕና ነው" አልኳቸው። ሳቁ።

በእኛ ደሴት ኖራ የማይፈውሰው ነገር የለም ብለን ነው ያደግነው። ለፋሲካ ቀባን፣ ለእመቤታችን ቀባን፣ ሰው ሲሞት ቀባን፣ ሰው ሲያገባ ቀባን። እናቴ የዛፍ ግንድ ሳይቀር ትቀባ ነበር። እኔም እጄ ወደ ቡርሹ የሚሄደው ሳላስብ ነው።

ጁላይ 19

ትናንት ትንሽ ነቀነቀን። እንደ ልማዷ ነው፣ ይቺ ደሴት አንዳንዴ ትከሻዋን ታወዛውዛለች። ብርጭቆ ተንኳኳ፣ ውሻ ጮኸ፣ አለቀ።

ዛሬ አልጋው ላይ የልስን ፍርፋሪ አገኘሁ። መንቀጥቀጡ ነው እንግዲህ። ምድር እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። አንሶላውን አራገፍኩ።

ጁላይ 20

ሦስት ግዙፍ መርከቦች በአንድ ቀን። መንገዱ ተዘጋ። ዳቦ ለመግዛት ወጥቼ ሳልገዛ ተመለስኩ። እግሬ አብጧል። አንዱ ደረጃዬ ላይ ቆሞ ፎቶ ሲያነሳኝ "ፈገግ በይ" አለኝ።

ጁላይ 27

ዶምና ከተሰሎንቄ ደወለች። ፀጉራችን ሳይሸብት ጀምሮ በየዓመቱ ይመጣሉ፣ እሷና ባሏ ጋሽ ስቴርዮስ። ያኩሚስ ሲታመም ሆስፒታል አስገብተው ከጎኔ ያልተለዩ ናቸው። ዘንድሮም ለደብረ ታቦር፣ ኦገስት 6፣ እንመጣለን አለች።

"ዳሌዬን በቀዶ ጥገና ካስቀየርኩ ወዲህ ደረጃ ጠላቴ ነው። የኛን ክፍል ይዘሽልኛል አይደል? ውስጠኛውን?"

"ዘንድሮ የውጪውን ብሰጣችሁስ? ባሕሩ ይታያል።"

"ባሕሩን አየሁት፣ ዘንድሮም ያው ነው። የውጪው ደረጃ አለው። ምነው፣ ለሌላ ሰጠሽው እንዴ?"

"ኧረ አልሰጠሁም" አልኩ።

መናገር ነበረብኝ። በስልክ ምን ብዬ ነው የምናገረው? ጣራዬ ላይ የእህቴ ልጅ ባሕር አስቀምጣለች ልበል?

ኦገስት 1

ጾመ ፍልሰታ ገባ። የአርጊሮ ባል ፎቲስ ፎጣ ተሸክሞ ሲወርድ ደረጃ ላይ አገኘሁትና ድፍረት መጣልኝ።

"ልጄ፣ የኔ ጣራ ትንሽ ረጠብ ብሏል።"

"አክስቴ፣ ይሄ ቤት ከቅድመ አያትሽ ጀምሮ የቆመ ነው። ዋሻ ይወድቃል እንዴ? ተራራ ነው እኮ! ትንሽ ኖራ ለቅለቅ አድርጊበት።"

"አድርጌበታለሁ።"

"በቃ" ብሎ ጉንጬን ስሞ ሄደ።

እውነቱን ለመጻፍ፣ ደስ አለኝ። ነገሩን ተናገርኩ፣ እሱም ምንም አይደለም አለ። ማታ ግን ጸሎት ሳደርስ ዓይኔ ወደ ላይ እየሄደ አስቸገረኝ።

ኦገስት 6

መጡ። ዶምና ምርኩዝ ይዛለች፣ ጋሽ ስቴርዮስ የሷን ቦርሳም የራሳቸውንም ተሸክመዋል። ከቤተ ክርስቲያን የተባረከ ወይን ይዤላቸው ነበር። ክፍሉ ገብታ አልጋው ላይ ቁጭ አለችና "ቤቴ ገባሁ" አለች።

ጠዋት ቀብቼው ነበር። በረዶ መስሏል።

ኦገስት 8

ዛሬ ሁለቱ በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረውን የጥንት ከተማ አይተው መጡ። በየዓመቱ ያዩታል፤ በየዓመቱ አዲስ ነገር እንዳገኙ ሆነው ይመለሳሉ። እራት ላይ እታለምም ነበረች፣ ግቢ ውስጥ ስለሆነ መጣች።

"አንድም አጽም የለም" አሉ ጋሽ ስቴርዮስ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሲያወሩ እጃቸው መሪ እንደያዘ ነው። "ይሄን ሁሉ ዘመን ቆፍረው ማሰሮው አለ፣ በማሰሮው ውስጥ እህሉ አለ፣ ሰዉ የለም። መጀመሪያ ምድር ነቀነቀቻቸው። ፍርስራሹን መጥረግ ጀምረው ነበር አሉ፤ አልጋቸውን ደጅ አውጥተዋል። ከዚያ እሳቱ ሳይመጣ ሁሉን ትተው ውልቅ።"

"ያስወጣቻቸው ሴት ናት" አለች ዶምና። "ወንድ ቢሆን ኖሮ 'ይሄ ቤት ከቅድመ አያቴ ጀምሮ የቆመ ነው' ብሎ አጽሙን ዛሬ ታዪው ነበር።"

ሁሉም ሳቁ። እኔ ዘግይቼ ሳቅኩ። እታለም ሳትስቅ የዳቦ ፍርፋሪ ትለቅም ነበር።

"አንቺ አይተሽዋል ግን?" አሉኝ ጋሽ ስቴርዮስ።

"የት አግኝቼ? ክፍሉን ማን ያጸዳል?"

እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ ሰው ከዓለም ዳር መጥቶ የሚያየውን ከተማ አላየሁም። አልጋቸውን ደጅ አወጡ ያሉት ነገር ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። አልጋ ከባድ ነገር ነው። ሰው በከንቱ አያወጣውም።

ኦገስት 10

ጋሽ ስቴርዮስ ቁርስ ላይ ግንባራቸውን እያሳዩኝ "ሌሊት ሁለተኛ ተጠመቅኩ" አሉ። ጠብታ ወርዶባቸው ነው። "ስም ማን ብለሽ ልታወጪልኝ ነው?"

ሳቅኩ። ሳፋ አስቀመጥኩ፤ አልጋውን ወደ ግድግዳ ገፋነው። "ቧንቧ ነው፣ አስጠግነዋለሁ" አልኳቸው። እዚያ ጣራ ውስጥ ቧንቧ የለም። እሳቸውም አምነውኝ ባሕር ወረዱ። የሚያምነኝን ሰው ዋሸሁ። ሲሄዱልኝ ምን ሠራሁ? ኖራ በጠበጥኩ። ቡርሹ ሲነካው ልስኑ ወደ ውስጥ ገባ አለና ተመለሰ፣ እንደ ሊጥ። ከወንበሩ ወርጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

አኔዚና፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? አልኩ ራሴን። ዶምና ከዚህ ሥር ትተኛለች። ምርኩዟን ሳትይዝ መነሳት አትችልም።

ኦገስት 11

ነገ ለእታለም እነግራታለሁ። ከቅዳሴ በኋላ። ወይም ከበዓሉ በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ።

ኦገስት 12

ነገርኳት። ነገርኳት ማለትም አይቻልም። ሁሉንም እንደሆነው ልጻፈው።

ጎህ ሲቀድ ጎማው ጀመረ። ተኝቼ አዳመጥኩት። ከዚያ በነጠላ ጫማዬ ደረጃውን ወጣሁ። እታለም በሌሊት ልብሷ፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን፣ ገንዳው አፍ ላይ ቆማለች። የጎማው ጫፍ ውሃው ውስጥ ነው። በሶብላዎቿ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ቅጠላቸው ተጠቅልሏል።

"ቀስ በይ፣ እንግዶቹ ተኝተዋል" አለችኝ በሹክሹክታ።

"በሶብላው ደርቋል" አልኳት።

ጎማውን አለቀቀችም። "ውሃው በየሌሊቱ ስንዝር ይወርዳል" አለች። "አርጊሮ ሳትነቃ እሞላዋለሁ። ካየች ሠራተኛ ልትጠራ ነው፣ እንግዳ ሊሄድባት ነው። ከዚያ 'ድሮም አንቺ አልፈለግሽውም፣ አንቺ ነሽ ያሟረትሽብኝ' ትለኛለች።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፋሲካ።"

"ወዴት የሚሄድ መስሎሽ ነው?"

ጎማውን ወደ ውሃው ጠለቅ አደረገችው። ከዚያ "ወዴት እንደሚሄድማ አውቃለሁ" አለች። "በየቀኑ ፊትሽን አያለሁ። ምንም ስትዪ አልሰማሁም። ካልተናገረች አልደረሰባትም አልኩ። አልደረሰብሽም እንዴ?"

"ኖራ እቀባዋለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከጁን።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በውሃ ነዋ የተጣላነው፣ እታለም።"

ፊቷ ተለወጠ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። "አሁን ማን አለ እዚያ?" አለችኝ።

"ዶምና።"

ጎማውን ጣለችው። ያን የሚያማትን ጉልበት ረስታ፣ ከፊቴ በባዶ እግሯ ወረደች። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬን አልፋ ገባች። ጣራውን ቀና ብላ አየችና አማተበች። ዶምናን "ተነሽ እህቴ፣ ቀስ ብለሽ" ብላ በብብቷ ደግፋ አወጣቻት። ጋሽ ስቴርዮስ በውስጥ ሱሪያቸው ቆመው "ምድር ነቀነቀች እንዴ?" ይላሉ።

"ገና ነው" አልኳቸው። "አልጋውን በዚያ በኩል ያዙልኝ።"

አልጋውን በበሩ አጋድመን ስናወጣ እሳቸው ነገሩ ገባቸውና ወንበሩንም፣ ሳጥኑንም፣ የያኩሚስን ፎቶም አወጡ። ግቢዬ ውስጥ ካለው የወይን ሐረግ ሥር ደረደርነው። እታለም ወደ ላይ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ውሃው መጣ፤ የገንዳውን መዝጊያ ነቅላው ነው። በደረጃው፣ በሰፈሩ መሃል ወረደ። በቅሎዎቹ አንራመድም ብለው ቆሙ፣ በቅሎ ነጂዎቹ ተሳደቡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መስኮት ላይ ወጣ። ምስጢር የሚባል ነገር አልቀረም።

ክንዴን እያሸሁ ነው የምጽፈው። አልጋው ከባድ ነበር።

ኦገስት 13

አርጊሮ ደረጃው ላይ ቆማ እናቷ ላይ ጮኸች። ሁሉም ሰማ።

"እንግዶቼ ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ! በቱሪስት ወቅት መሃል! አንቺ የማን እናት ነሽ?"

"ያንቺ" አለች እታለም። "የሷ ደግሞ እህት ነኝ።"

"ነግረሽኝ ቢሆንስ?"

"እሱስ እውነትሽን ነው። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር።"

አርጊሮ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ አክስቴ? ዝም ብለሽ ትቀቢ ነበር?"

እውነቷን ነው።

ዶምናና ጋሽ ስቴርዮስ ሌላ ቦታ እንፈልግላችሁ ስንላቸው እምቢ አሉ። ውጪ ተኝተው ኮከብ ይቆጥራሉ። "የቧንቧው ሠራተኛ መጣ?" ብለው ጋሽ ስቴርዮስ ጠየቁኝ፣ ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም። ይቅርታ ጠየቅኩ። "ውሃ አምጪልኝ፣ የሚጠጣ" አሉኝ።

ኦገስት 15

የእመቤታችን በዓል። ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነበርን፤ ዶምና እንኳ በበቅሎ ወጣች። ከሥርዓቱ በኋላ ለሕዝብ የሚታደለውን ክክ በላን፣ ቫዮሊኑን ሰማን። እታለም ከጎኔ ቆማ ነበር።

ስንመለስ ግቢው ውስጥ ያለው አልጋ ነጭ አቧራ ለብሷል። የውስጠኛው ክፍል በር ሲገፉት አልከፈት አለ። ጋሽ ስቴርዮስ በትከሻቸው ገፍተው አጮልቀው አዩና ወዲያው ዘጉት። አልጋው በነበረበት ቦታ የድንጋይ ክምር አለ።

ዶምና ቆማ አየችኝ። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። እጄን ያዘችና ሳትለቀኝ ብዙ ቆየች፤ እጇ በጣም ቀዝቅዞ ነበር።

ኦገስት 16

ግንበኛው መጥቶ አደጋ እንደሌለው አይቶ በሩን ከፈተልን። ከወደቀው ልስን አንዱን ቁራጭ አነሳሁት። የዘንድሮው ኖራዬ ድርብርብ ሆኖ ይታያል፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ሥሩ ያለው ድንጋይ ጥቁርና እርጥብ ነው።

እታለም መጥረጊያ ይዛ መጣች። አብረን ስንጠርግ ዋልን። ስንጨርስ፣ ከልማድ ይመስለኛል፣ "ኖራ ልበጥብጥ?" አለችኝ።

"ተይው። እስኪሠራ እንዲህ ይታይ" አልኳት።

ሴፕቴምበር 14

ዶምና ደወለች። የመጪው ዓመት ይምጡ አይምጡ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አርጊሮ እናቷን እስካሁን አላናገረቻትም። ገንዳው ባዶ ነው። እታለም ባለፈው ሳምንት ትራሷን በብብቷ ይዛ ወረደችና "ያቺ ክፍል ፀሐይ የላትም" አለች። በውጪው ክፍል አልጋ አነጠፍኩላት። ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ እየወጣች፣ ባዶው ገንዳ ውስጥ የደረደረቻቸውን በሶብላዎች ታጠጣለች። አሁን በእርግጥ በሶብላ ነው የምታጠጣው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሆኖም ጎማው ሲፈስ በሰማሁ ቁጥር ቀና ብዬ ጣራውን አያለሁ።